ለትልልቅ አራዊት አደን የሚሆን ጠመንጃ ስለ መምረጥ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በምትገኘው በሮቢት፥ በአጠቃላይም በራያ ቆላ፥ ስለ ጠመንጃ አንዳች የማያውቅ ጎልማሳ ይገኛል ተብሎ አይገመትም። ውጅግራ፥ አልቢን፥ ምንሽር፥ ዲሞትፈር፥ ቤልጅግ፥ ኋላም ክላሽንኮቭ የሚባሉት ስሞች በሠርግም በለቅሶም በሽምግልናም ሲነሡ የኖሩ ናቸው። አንድ ጠመንጃ ስንት በሬ እንደሚያወጣ፥ የትኛውስ ከየትኛው እንደሚበልጥ፥ ከነጋዴው ይልቅ ገበሬው አስተካክሎ ይናገራል። ይሁን እንጂ ለክብርና ለንብረት ጥበቃ የተመረጠ ጠመንጃ ሁሉ ለአደን ይሆናል ማለት አይደለም። የሁለቱ ሥራ የተለያየ ስለ ሆነ ምርጫውም የተለያየ ነው።

ጉዳዩ ለነጋዴ ማኅበረሰብ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። በፈቃድ ለማደን ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ በአንድ ጉዞ የሚያወጣው ገንዘብ ከብዙ ተራ ጎብኚዎች ወጪ ይበልጣል፤ ለመኪና፥ ለፈረስና ለበቅሎ፥ ለስንቅ፥ ለመንገድ መሪና ለድንኳን የሚከፍለውም በየመንገዱ ለሚገኘው ነጋዴ የሚደርስ ነው። ይህ እንግዳ የማይሆን ጠመንጃ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ ግን አውሬውን አቁስሎ ይሰደዋል። በአደን ውል ልማድ ደግሞ ቆስሎ ያመለጠ አውሬ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ክፍያው ይጠየቅበታል። እንግዳው ቀንዱን ሳይዝ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ይሄዳል፤ አውሬውም በየጥሻው ለቀናት ሲሠቃይ ቆይቶ የጅብ ሲሳይ ይሆናል። ከውጭ አገር የሚኖር የራያ ተወላጅም በሚኖርበት አገር ሕግ መሠረት ለማደን ሲያስብ ይኸው ጥያቄ ያጋጥመዋል።

ጠመንጃ በኢትዮጵያ የንግድ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ ከያዙት ዕቃዎች አንዱ መሆኑ የሚረሳ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔና ነጋዴ አርተር ራምቦ እ. ኤ. አ. በ1887 ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎችን በግመል አስጭኖ ከታጁራ በአፋር በረሓ አቋርጦ ወደ ሸዋ ሲወጣ፥ ያሰበውን ትርፍ ከምኒልክ ዘንድ ሳያገኝ መመለሱ በብዙ መጻሕፍት የተተረከ ነው። ለዕቃው ጊዜ ያለፈበት መሆን ደንበኛው ከሻጩ ይልቅ ዐዋቂ ነበርና። በዚያ ዘመን ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፥ በአገራችን አንደበት ውጅግራ የተባለው፥ በብዛት ገብቶ ነበር፤ ጥይቱም በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሰጥና ይወሰድ ነበር። ጨው ገዝቶ ጥይት የከፈለ፥ ሙክት ሸጦ ጥይት መልስ የተቀበለ ሰው የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

ውጅግራ እ. ኤ. አ. በ1874 የተሠራ፥ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፥ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በሰከንድ 450 ሜትር ያህል የሚወረውር መሣሪያ ነበር። ባሩዱ ጥቁርና ጢሳም ነው። አረሩ ከባድ ቢሆንም ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ መንገዱ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይጎብጣል፤ ርቀቱን በሃምሳ ሜትር የተሳሳተ ተኳሽ ከአውሬው ሆድ ሥር ወይም ከጀርባው በላይ ይልካል። ፈረንሳዮች እ. ኤ. አ. በ1886 ጢስ አልባውን ባሩድ በ8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ላይ ከሠሩበት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አረሩ ቀጠነ፥ ፈጠነ፥ መንገዱም ቀና። ከዚያ ወዲህ የተሠራ የአደን ጠመንጃ ሁሉ የዚህ ለውጥ ልጅ ነው።

እ. ኤ. አ. በ1930ዎቹ ዓመታት፥ ከጣሊያን ወረራ በፊት፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ከቤልጅየም ፋብሪካ ያስመጣው ማውዘር ጠመንጃ በሕዝብ ዘንድ ቤልጅግ ተብሎ የሚከበረው ነው። ይኸ መሣሪያ የተሠራው ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር እ. ኤ. አ. በ1898 ባወጣው ዐይነት ላይ ሲሆን፥ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሸጡት በእጅ ከሚቀባበሉ የአደን ጠመንጃዎች የሚበዙት የዚያው ዘር ናቸው። በመሆኑም አንድ የራያ ሽማግሌ በግድግዳው ላይ የሰቀለውን ቤልጅግ የሚያውቅ ሰው፥ በሎንዶን ወይም በአሜሪካ ሱቅ ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣውን የአደን ጠመንጃ ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። የሚያቀባብልበት መያዣ፥ ቀለሁን ነክሶ የሚያወጣው ጠንካራ ጥፍር፥ የሚቆለፍበት ሁኔታ አንድ ነው። ልዩነቱ በሰደፉ እንጨት፥ በአፈሙዙ ሥራ፥ በማነጣጠሪያውም ላይ ነው።

ጠመንጃ ከመመረጡ በፊት አውሬው መታወቅ አለበት። ብዙ ገዢዎች ግን ነገሩን ገልብጠው መጀመሪያ ጠመንጃውን ይገዙና በኋላ የሚታደነውን ያስባሉ።

በሮቢትና በቆቦ ሜዳ ላይ ያለው ጅብ፥ ከርከሮ፥ ዝንጀሮ፥ እንሹና የመሳሰለው ነው፤ ለትልቅ አደን የሚጠራ እንግዳ የለም። ከዞብል ተራራ ማዶ ወደ አፋር ሲወረድ ግን ሳላ፥ የሜዳ ፍየል፥ አምበራይሌ የሚባሉት የቆላ አራዊት ይገኛሉ። በአፋር ክልል ውስጥ በቁጥጥር ሥር አደን ይደረግባቸው ዘንድ ከተከለሉት ቀበሌዎች መካከል የጠላላክ ደዌ ይዞታ የሚጠቀሰው ለእነዚህ እንስሳት ነው። ሳላ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን፥ ቆዳው ወፍራም፥ ቁስልን የሚችል እንስሳ ነው። የሜዳ ፍየል ግን ከ45 ኪሎ ግራም እምብዛም አያልፍም። ሁለቱም የሚኖሩት በገላጣ ሜዳ ላይ ስለ ሆነ ሰውን ከሩቅ ያያሉ፤ ተኩሱም ከ200 ሜትር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው።

ለኢትዮጵያ አደን በዓለም ዘንድ ስም ያስገኘው ግን የደጋ አጋዘን ነው። ይኸ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። እንግሊዛዊው አይቮር ባክስተን እ. ኤ. አ. በ1908 ያገኘውን ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 ለሳይንስ ዓለም ገልጾ ጻፈው፤ የሳይንስ ስሙም በባክስተን ተጠራ። በአርሲና በባሌ ተራሮች ላይ፥ በብዛት ከ3000 ሜትር በላይ፥ በአስታና በውጨና መካከል ይኖራል። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሙነሳ፥ ኦዶ ቡሉ፥ አባሸባ ደመሮ የተባሉት የአደን ቀበሌዎች በእርሱ የታወቁ ናቸው። አዳኙ በአንድ ጎድጓዳ ሸለቆ ዳር ተቀምጦ ማዶውን ተዳፋት በመነጽር ሲመረምር ሰዓታት ያሳልፋል፤ አውሬው ከአስታው ውስጥ ብቅ ሲል ለተኩስ የሚሰጠው ጊዜ ግን ጥቂት ሰከንድ ነው። ርቀቱም ከ150 እስከ 300 ሜትር ሊሆን ይችላል።

አሜሪካኖች በምዕራብ ግዛቶቻቸው፥ በሮኪ ተራሮች ላይ፥ ኤልክ የሚሉትን ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ሲያድኑ የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው። የኤልክ ወንድ 300 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስፍራው ከፍታ ያለው፥ ተኩሱ ከማዶ ወደ ማዶ፥ አየሩ ቀዝቃዛና ስስ ነው። ስለዚህ ለኮሎራዶ የተመረጠ ጠመንጃ ለባሌም ያገለግላል፤ ለባሌ የተመረጠውም ለኮሎራዶ። በዴንቨርና በኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ይህን ማወቁ ለእነርሱ ይጠቅማል። የኮሎራዶ ሕግ ኤልክ የሚታደንበት ጠመንጃ ከ.24 ካሊበር ያላነሰ፥ አረሩም ከ85 ግሬን፥ ማለትም ከ5.5 ግራም ያላነሰ፥ የሚተረተር ዐይነት እንዲሆን ያዝዛል። ይኸ የሕግ ወለል ነው፤ ጠቢብ አዳኝ ግን በወለሉ ላይ አይቆምም።

አሁን ወደ ጥይቱ እንመለስ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነው .30-06 ስፕሪንግፊልድ የተባለው ነው። እ. ኤ. አ. በ1906 ለአሜሪካ ጦር የወጣ ሲሆን፥ 11.7 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ይወረውራል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ 3900 ጁል ገደማ ኃይል አለው። በ275 ሜትር ላይ እንኳ ከ2300 ጁል ያላነሰ ይቀርለታል። ማነጣጠሪያው በ200 ሜትር ላይ የተስተካከለ እንደ ሆነ፥ በ300 ሜትር ላይ የሚወርደው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይኸ ለደጋ አጋዘንም፥ ለሳላም፥ ለአጋዘንም፥ ለድኩላም ይበቃል።

.270 ዊንቸስተር እ. ኤ. አ. በ1925 የወጣ ሲሆን 8.4 ግራም አረር በሰከንድ 930 ሜትር ይልካል። መንገዱ ከ.30-06 ይልቅ ቀጥ ያለ፥ ትከሻም ላይ የቀለለ ነው። ለአፋር ገላጣ ሜዳ፥ ለየሜዳ ፍየልና ለአምበራይሌ፥ ከዚህ የሚሻል አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለትልቁ የደጋ አጋዘን ግን አረሩ ከባድና ጠንካራ ሆኖ መመረጥ ይኖርበታል። በአገራችን የሚታወቀው 7 በ57 ማውዘር ደግሞ ከእነዚህ ሁለቱ የሚያረጅ፥ ርቀቱ ከ200 ሜትር ሳያልፍ ብዙ ሥራ የሠራ፥ ምቱ ለትከሻ የማያስቸግር ጥይት ነው። ዘመናዊ አዳኞች ችላ ይሉታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ነው።

.300 ዊንቸስተር ማግነም እ. ኤ. አ. በ1963 ከወጣ ወዲህ በምዕራብ አሜሪካ አዳኞች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆኗል። ከ.30-06 ጋር አንድ ዓይነት አረር በሰከንድ 900 ሜትር ይወረውራል። የሚጨምረው ጥቅም በ350 እና በ400 ሜትር ላይ የሚታይ ነው። ከዚያ ባነሰ ርቀት የሚተኩስ ሰው ግን ለማይጠቀምበት ኃይል በትከሻው ይከፍላል።

ለጎሽ ሲሆን ሌላ ሕግ ነው። ጎሽ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፥ ቆስሎ ወደ አዳኙ የሚዞር አውሬ ስለ ሆነ፥ እ. ኤ. አ. በ1912 የወጣው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ዝቅተኛ ልክ ይቆጠራል። 19.4 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 770 ሜትር ይልካል፤ ኃይሉም 5700 ጁል ያህል ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ ይዞ በአፍሪካ ሁሉንም አውሬ ማደን የሚፈልግ ሰው ይህን ቢመርጥ አይነቀፍም። ሆኖም በደጋ አጋዘን ብቻ ለሚወሰን ጉዞ ከባድ ዕቃ ነው።

ምቱ ሲባል፥ ጠመንጃው ሲተኮስ ሰደፉ ወደ ኋላ ትከሻን የሚመታው ማለት ነው። ገዢዎች በሱቅ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የሚጠይቁት፥ በሜዳ ላይ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያበላሽ ነገር ይኸው ነው። የ.30-06 ምት 27 ጁል ያህል ሲሆን የ.375 ምት ወደ 50 ጁል ይደርሳል። ትከሻው የፈራ ሰው ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፥ ጠመንጃውንም ይነቀንቃል። አረሩ ከልብ ላይ ተነሥቶ ሆድ ላይ ያርፋል። ሆዱ የተመታ አጋዘን ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ይሮጣል። አዳኞችን የሚመሩ ባለሙያዎች ትልቅ ማግነም ይዞ ከሚመጣ እንግዳ ይልቅ ያረጀ .30-06 ይዞ የሚመጣውን ይወዳሉ ይባላል፤ የጠመንጃው ሰደፍ በአጠቃቀም ብዛት የተጫጫረ ከሆነማ ደስታቸው ይጨምራል። ሰውየው ጠመንጃውን ያውቀዋልና። ከአንድ ሳምንት በፊት የተገዛ አዲስ መሣሪያ ይዞ አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ሰው ግን ገና አልተዘጋጀም።

ለዚህም ቀላል መለኪያ አለ። አንድ የወጥ ሳህን የሚያህል፥ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ይሰቀል። አዳኙ ቆሞ ሳይሆን እንደ አደኑ ሁኔታ ተቀምጦ ወይም በእንጨት ላይ ተደግፎ አምስት ጊዜ ይተኩስ። አምስቱንም ያለ ስሕተት የሚያሳርፍበት ርቀት የእርሱ የመጨረሻ ርቀት ነው። የጠመንጃው ማስታወቂያ 500 ሜትር ቢልም፥ የሰውየው ልክ 180 ሜትር ከሆነ 180 ሜትር ነው።

አረሩን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚስትበት አንድ ነገር አለ። የጦር ጥይት አረሩ በሙሉ በመዳብ ልብስ የተሸፈነ ነው። ይኸውም እ. ኤ. አ. በ1899 በሄግ የተደረገው ውል በጦርነት ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚተረተር አረርን ስለ ከለከለ ነው። ለአደን ግን የሚፈለገው የዚህ ተቃራኒ ነው። አፍንጫው ለስላሳ እርሳስ የሆነ፥ ሲመታ የሚሰፋ፥ ነገር ግን ተበታትኖ የማይቀር አረር ያስፈልጋል። ሙሉ ልብስ የለበሰ አረር አጋዘኑን በስቶ ያልፋል፤ አውሬውም ጠባብ ቀዳዳ ይዞ ይሸሻል። ስለዚህ ከጦር መጋዘን የወጣ ርካሽ ጥይት ለአደን መሸጥ ለሻጩም ለገዢውም ኪሳራ ነው። ለጎሽ ግን ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ጠንካራ አረር ስለሚያስፈልግ፥ ብዙ አዳኞች የመጀመሪያውን ጥይት የሚሰፋ፥ ተከታዮቹን ጠጣር ያደርጋሉ።

ክላሽንኮቭ ለአደን ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ በራያ ዘንድ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ አይሆንም ነው። አረሩ 8 ግራም፥ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር፥ ኃይሉ ከአፈሙዙ ሲወጣ 2000 ጁል ያህል ሲሆን፥ በ200 ሜትር ላይ ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። መንገዱም ይጎብጣል። የተሠራው በቅርብ ርቀት ለሚደረግ ጦርነት ነው። በአደን ውስጥ አንድ የተስተካከለ ጥይት ከሠላሳ ጥይት ካዝና ይበልጣልና፥ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ተኳሹን እንዲታገሥ የሚያስገድደው መሆኑ ራሱ አንድ ጥቅም ነው።

ማነጣጠሪያውን በሚመለከት፥ ለደጋውም ለቆላውም ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። ከዚያ የበለጠ የሚያጎላ መነጽር በገበያ ላይ በዋጋ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በአስታ ውስጥ ግን አውሬውን ለማግኘት ያስቸግራል። በባሌ ደጋ ጉምና ዝናብ በማናቸውም ወር ሊመጣ ስለሚችል፥ የመስተዋቱ ክዳንና ንጹሕ ጨርቅ የማይረሱ ናቸው። መነጽሩ ከጠመንጃው ጋር የተያያዘበት ብሎን ደግሞ በጉዞ መንቀጥቀጥ ይላላል። በመሆኑም አዳኙ ሰፈር እንደ ደረሰ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ሰቅሎ መተኮስ ይገባዋል። ሁለት ሦስት ጥይት መቆጠብ ብዙ ሺህ ብር የሚያስከፍልበት ስፍራ ይኸ ነው።

የከፍታውም ጉዳይ አለ። አየሩ ስስ በሆነበት በ3500 ሜትር ላይ አረሩን የሚያዘገየው ነገር ስለሚቀንስ፥ በባሕር ወለል አቅራቢያ የተስተካከለ ጠመንጃ በደጋ ላይ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይመታል። በ200 ሜትር ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ በ300 ሜትርና ከዚያ በላይ ግን ይታያል። ከዚህ የሚበልጠው ስሕተት የሚመጣው ከተዳፋቱ ነው። ወደ ታች ወይም ወደ ላይ በሚተኮስበት ጊዜ አረሩን የሚስበው የመሬት ኃይል የሚቆጠረው በአግድም ርቀቱ ልክ እንጂ በተዳፋቱ ርዝመት አይደለም። 30 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ 300 ሜትር የራቀ አጋዘን፥ 260 ሜትር ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ይነጣጠርበታል። ይህን ያላወቀ ሰው ከጀርባው በላይ ይሰዳል፤ ስሕተቱንም በጠመንጃው ላይ ያሳብባል።

በቆላ ደግሞ ጠላቱ ሙቀትና ነፋስ ነው። በአፋር ፀሐይ ላይ በመኪና ውስጥ የተተወ ጥይት ባሩዱ ስለሚግል ግፊቱ ይጨምራል፤ ቀለሁም ተጣብቆ አልወጣም ሊል ይችላል። ጥይቱ በጥላ ሥር፥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ መካከለኛ ሲሆን እንኳ የ.30-06ን አረር በ275 ሜትር ላይ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት በሜዳ የሚያድን ሰው ማለዳን ይመርጣል።

የጠመንጃው ክብደት ከነመነጽሩ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ግራም ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ የቀለለው ትከሻን ይመታል፤ የከበደው ደግሞ በ3500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚራመደውን ሰው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። የእንጨት ሰደፍ ለዓይን ያምራል፤ በዝናብ ግን ያብጣል፥ አፈሙዙንም ይገፋል። ሰው ሠራሽ ሰደፍ ውበት ባይኖረውም ለደጋ ይመረጣል። ፈረስ ላይ ለሚጫን ጠመንጃ ጥሩ የቆዳ ማኅደር ያስፈልጋል፤ በዚህ በኩል የወሎ ቆዳ ሠሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ፤ እስካሁን ግን አብዛኛው አዳኝ ከአገሩ ይዞት ይመጣል።

ሕጉን በሚመለከት ምንም ቸልታ አይፈቀድም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፥ ማስገባትንና መነገድን ይከለክላል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የእንግዳው ጠመንጃ ቁጥሩ አስቀድሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቦ ፈቃድ ሊያገኝበት፥ ሲወጣም በዚያው ቁጥር ሊረጋገጥ ይገባል። በአየር መንገድ ጉዞ መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ፥ በጠንካራና በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ከሻንጣ ጋር ይጫናል፤ ጥይቱም ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ዋልያ፥ ቀይ ቀበሮ፥ የስዋይን ቆርኬና በአፋር በረሓ የቀረው የዱር አህያ በማናቸውም ዋጋ አይታደኑም። ይህን አሳያለሁ የሚል መንገድ መሪ የተገኘ እንደ ሆነ እንግዳው ከእርሱ ቢርቅ ይሻለዋል።

በራያ ቆላ ነገሩ ከሌላው ስፍራ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ. ም. ቆቦ ደርሶ፥ እንደ ገናም በነሐሴ 2014 ዓ. ም. ተመልሶ፥ ብዙ መሣሪያ ያለ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ፥ ዐይነቱ ምንም ያህል ለአደን የተመቸ ቢሆን፥ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ለአዳኝ የሚያቀርብ ሰው ራሱንም እንግዳውንም ለወህኒ ያቀርባል። የሮቢትና የቆቦ ነጋዴ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ድርሻ ስንቅ፥ መጓጓዣ፥ ቆዳ፥ ማረፊያና አገሩን የሚያውቅ ሰው ማቅረብ ነው። መሣሪያው የእንግዳው ነው።

የጥይቱ ብዛት ሲጠየቅ፥ ለአንድ ጉዞ ከ40 እስከ 60 ይበቃል፤ አሥሩ ለማስተካከል፥ የቀረው ለአደኑና ለመጠባበቂያ። ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ፥ ከአንድ ጊዜ ሥራ የወጣ ይሁን፤ የሣጥኑ ቁጥር ሲለያይ የአረሩ ማረፊያም ጥቂት ይለያያልና። ሻንጣ በመንገድ ቢጠፋ .30-06 ወይም .375 የያዘ ሰው ከመሪው ወይም ከሌላ አዳኝ ጥይት ሊያገኝ ይችላል። በአንድ አገር ብቻ የሚሠራ አዲስ ስም ያለው ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ የያዘው ግን ሻንጣው እስኪመጣ ድረስ በድንኳኑ ተቀምጦ አጋዘኑን በመነጽር ከማየት በቀር ሌላ አማራጭ የለውም።